በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ስለ ማኖር፤ ከሰቃ የቡና ቢሮ የተገኘ ትምህርት

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው ዘዴ ምን እንደ ሆነና በአንድ አነስተኛ የንግድ ቢሮ ኔትወርክ ላይ እንዴት እንደሚተከል ለጓደኞቻችን ተማሪዎች ማስረዳት ነው። ነገሩን በክፍል ውስጥ ተምረነዋል፤ ዳሩ ግን በክፍል የተማርነው መብራት የማይጠፋበትን፣ ሰርቨሩ በቀዝቃዛ ክፍል የሚቀመጥበትን፣ ለእያንዳንዱም ፕሮግራም ዋጋው የሚከፈልበትን መሥሪያ ቤት በማሰብ የተዘጋጀ ነው። ባለፈው የቡና ወቅት ግን ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሰቃ ከተማ፣ በአንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ፣ ቅዳሜና እሑድ እየተመላለስን ይህንኑ ሥራ በእጃችን ለመሥራት ዕድል አገኘን። ሥራው በመጨረሻ ተሳክቷል፤ ሆኖም ከመሳካቱ በፊት በእኛው ጥፋት የ3 ቀን ሒሳብ ጠፍቶ ነበር። ከስኬቱ ይልቅ ከጥፋቱ የተማርነው ስለሚበልጥ ሁለቱንም ሳንደብቅ እናቀርባለን።

የነገሩ ምንነትና አመጣጥ

አንድ ኮምፒዩተር በተለመደው አሠራር በአንድ ጊዜ አንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብቻ ይሸከማል፤ ይኸውም ዊንዶውስ ወይም ሊነክስ ሊሆን ይችላል። ቨርቹዋላይዜሽን ግን ሃይፐርቫይዘር የተባለ ፕሮግራም በመካከል ያስገባል። ሃይፐርቫይዘሩ ከእውነተኛው ኮምፒዩተር ሜሞሪ፣ ፕሮሰሰርና ዲስክ እየቆረሰ ለሌላ ሲስተም ያድላል፤ ድርሻውን የተቀበለውም ሲስተም በአንድ ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ብቻውን የሚኖር ይመስለዋል። ባለቤቱን ኮምፒዩተር አስተናጋጅ፣ በውስጡ የሚኖረውን እንግዳ እንለዋለን። እንግዳው ሃርድ ዲስኬ ብሎ የሚያምነው ነገር በአስተናጋጁ ዘንድ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ የምንገልጸው ጥቅምም ጉዳትም የሚመነጨው ከዚሁ ነውና።

ዘዴው አዲስ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በካምብሪጅ ከተማ ባለው የሳይንስ ማዕከሉ ሲ.ፒ. 40 የተባለውን ሲስተም ሠርቶ አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ተጠቃሚዎች አከፋፈለ፤ በ1972 ደግሞ ቪ.ኤም. 370 የተባለውን ለገበያ አስታወቀ። በ1974 ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ የተባሉ ሊቃውንት አንድ ሃይፐርቫይዘር ሊያሟላቸው የሚገቡትን 3 ነገሮች ለይተው ጻፉ፤ እነዚህም እንግዳው በእውነተኛ ኮምፒዩተር ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲሠራ፣ ፍጥነቱ እጅግ እንዳይቀንስ፣ የሀብቱም ሥልጣን ሁሉ በሃይፐርቫይዘሩ እጅ እንዲቀር የሚሉ ናቸው። በትንንሾቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ነገሩ የተስፋፋው ቪ.ኤም. ዌር የተባለው ኩባንያ በ1998 ተቋቁሞ በ1999 የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ካወጣ በኋላ ነው። ኢንቴል በ2005፣ ኤ.ኤም.ዲ. ደግሞ በ2006 ለዚሁ የሚረዳ ኃይል በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ስለ ጨመሩ ሥራው ቀለለ። ዘዴው ሲጀመር ምክንያቱ የመሣሪያ ውድነትና የተጠቃሚ መብዛት ነበር፤ ይህ ምክንያት በአገራችን ዛሬም አልቀረም።

የሰቃው ቢሮ ችግር

ቢሮው ከገበሬና ከሰብሳቢ እሸት ቡናና ጀንፈል ይገዛል። 4 ኮምፒዩተሮች አሉት፤ በኬብልም ከአንድ ራውተር ጋር ተያይዘዋል። ሒሳቡ የሚያዘው በአገራችን ንግድ ቤቶች ዘንድ በሰፊው በሚታወቀው በፒችትሪ ነው፤ ይኸውም የቆየው እትም በዊንዶውስ 7 ላይ ተጭኖ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጃንዋሪ 2020 (እ.ኤ.አ.) አቁሟል። ከዚህም በላይ የሒሳቡ ኮምፒዩተር አርጅቶ ዲስኩ ሲሠራ ይንቋቋ ነበር።

ነገሩን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። አንድ ገበሬ ቡናውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ከፊሉን ገንዘብ ተቀብሎ፣ ከፊሉን በቀጠሮ ትቶ ይሄዳል። ቡናው ከሌላው ቡና ጋር ተቀላቅሎ ከተፈለፈለ በኋላ፣ ይህን ያህል ኪሎ አስገብቻለሁ፣ ይህን ያህል ብር ይቀረኛል ለማለት የሚረዳው ማስረጃ በእጁ ያለው ደረሰኝና በቢሮው ያለው መዝገብ ነው። ስለዚህ ያ ዲስክ ቢሞት የሚጎዳው ነጋዴው ብቻ አይደለም።

ባለቤቱ አንድ አዲስ ኮምፒዩተር ለመግዛት ፈቃደኛ ነበር፤ ነገር ግን አሮጌው ፒችትሪ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ በደኅና እንደሚሠራ ማረጋገጫ አልነበረም፤ አዲስ የሒሳብ ፕሮግራም ገዝቶ በቡና ወቅት መካከል ሠራተኛ ማሠልጠንም የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ አሮጌውን ዊንዶውስ ከነፒችትሪው በአዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ እንግዳ አድርገን ለማኖር ወሰንን። የሁሉንም ሠራተኛ ዴስክቶፕ በአንድ ሰርቨር ላይ አድርጎ በየጠረጴዛው ትንሽ መቀበያ መሣሪያ ብቻ ማስቀመጥ የሚባል ሌላ አሠራርም አለ፤ ይህ ግን ጠንካራ ሰርቨርና ለእያንዳንዱ ሰው የሚከፈል ፈቃድ ስለሚጠይቅ ለ4 ኮምፒዩተር ቢሮ የሚመች ሆኖ አላገኘነውም።

ከመትከል በፊት የሚመረመሩ ነገሮች

አንደኛው ፕሮሰሰሩ ነው። አዲስ በሚባሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ ቪ.ቲ. ኤክስ ወይም ኤ.ኤም.ዲ. ቪ. የተባለው ኃይል አለ፤ ሆኖም በባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ሊመጣ ይችላል። እኛም ተዘግቶ አግኝተን ከፈትነው።

ሁለተኛው ሜሞሪ ነው። ኮምፒዩተሩ 16 ጊጋባይት ነበረው። ለአስተናጋጁ 4፣ ለሒሳቡ እንግዳ 4፣ ለመለማመጃ ለምናቆመው ሁለተኛ እንግዳ 2 መድበን 6ቱን ለመጠባበቂያ ተውን። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም ስለማይችል ከዚያ በላይ መስጠት ማባከን ነው።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው፤ ይህንንም ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን። ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ የተሸጠ የዊንዶውስ ፈቃድ ከዚያው ኮምፒዩተር ጋር የታሰረ ነው፤ ለብቻው የተገዛ ግን ከአሮጌው ተነሥቶ ወደ ሌላ ሊዛወር ይችላል። ደግነቱ ባለቤቱ ለብቻው የገዛው የዊንዶውስ 7 ፕሮፌሽናል ሳጥን ከመሳቢያ ተገኘ። ለሃይፐርቫይዘር ቨርቹዋል ቦክስን መረጥን። ዋናው ፕሮግራም በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ማስፋፊያ ጥቅሉ ግን ለግል ሙከራ እንጂ ለንግድ ቤት ያለ ክፍያ ስላልተፈቀደ እርሱን አልጫንንም። ቪ.ኤም. ዌር ወርክስቴሽን ፕሮም ከኖቬምበር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለንግድ ሥራ ጭምር በነፃ ስለ ተፈቀደ፣ የወደደ ሰው እርሱን መምረጥ ይችላል።

አተካከሉ

በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ኡቡንቱ ሊነክስን፣ በእርሱም ላይ ቨርቹዋል ቦክስን ጫንን። ከዚያም አዲስ እንግዳ ፈጥረን የዲስኩን ፋይል ወሰንን። ፋይሉ እንግዳው ሲጽፍ እየሰፋ የሚሄድ፣ ወይም ከመጀመሪያው ሙሉ ቦታውን የሚይዝ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቦታ ይቆጥባል፤ ሁለተኛው ግን የአስተናጋጁ ዲስክ ሳይታሰብ ሞልቶ እንግዳውን እንዳያስቆመው ይጠብቃል። እኛ ቦታ ለመቆጠብ ብለን የመጀመሪያውን ወሰድን።

አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ ፋይል መገልበጥ የሚያስችሉ ፕሮግራሞች አሉ። ነገር ግን በዚያ ዲስክ ላይ የዓመታት ጉድፍና ምናልባትም ቫይረስ ስለሚኖር፣ ዊንዶውሱንና ፒችትሪውን እንደ አዲስ ጭነን፣ የቢሮውን ሒሳብ ብቻ በፒችትሪው በራሱ የመጠባበቂያ ቅጂ አዛወርን። ከዚያም የአሮጌውንና የአዲሱን የሒሳብ ሚዛን አትመን መስመር በመስመር አስተያየን። ልዩነት አልተገኘም።

የኔትወርኩ አደላደል

እንግዳን ከኔትወርክ ጋር ለማገናኘት 3 መንገዶች በብዛት ይሠራባቸዋል። ኤን.ኤ.ቲ. በሚባለው እንግዳው በአስተናጋጁ ስም ወደ ውጭ ይወጣል፤ በቢሮው ያሉት ሌሎች ኮምፒዩተሮች ግን ልዩ በር ካልተከፈተላቸው ወደ እርሱ አይገቡም። ብሪጅድ በሚባለው እንግዳው የራሱን አድራሻ ይዞ እንደ ማንኛውም የቢሮ ኮምፒዩተር ይቆማል። ሆስት ኦንሊ በሚባለው ግን ከአስተናጋጁና በእርሱ ውስጥ ካሉ ሌሎች እንግዶች በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም።

የሒሳብ ሠራተኛዋ በራሷ ጠረጴዛ ላይ ሆና በሪሞት ዴስክቶፕ ወደ እንግዳው መግባት ስለሚኖርባት ብሪጅድን መረጥን። በዋይፋይ ላይ ብሪጅድ ብዙ ጊዜ ስለሚያስቸግር አስተናጋጁን በኬብል አያያዝን። ራውተሩ አድራሻ የሚያድለው ከ192.168.1.100 ጀምሮ እንዲሆን አድርገን፣ ለእንግዳው 192.168.1.50ን በቋሚነት ሰጠነው፤ አድራሻው ከሌላ ጋር እንዳይጋጭ ነው። የመውጫ በር አድራሻ የሚሞላበትን ቦታ ግን ባዶ ተውነው፤ ራውተሩም ይህን አድራሻ ወደ ውጭ እንዳያሳልፍ ከለከልነው። በዚህ ዐይነት እንግዳው ከቢሮው ሰዎች ጋር ይነጋገራል፤ ወደ ኢንተርኔት ግን አይወጣም።

ይህን ያደረግነው በከንቱ ፍርሃት አይደለም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ብሉኪፕ የተባለ ቀዳዳ በዊንዶውስ 7 ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ተገኝቶ፣ አጥቂው የይለፍ ቃል ሳያውቅ እንዲገባ የሚያደርግ ስለ ነበረ ማይክሮሶፍት ማረሚያ አውጥቶለታል። ማረሚያውን በፍላሽ አምጥተን ጫንን። የሪሞት ዴስክቶፕን በር ቁጥር 3389ን ከራውተሩ ወደ ውጭ መክፈት ግን ከማረሚያ በኋላም የሚመከር አይደለም።

የደረሰው ጉዳት

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ ሥራው በ2 ሳምንት ስላለቀ ደስ ብሎን ወደ ትምህርታችን ተመለስን። በኅዳር ወር አንድ ምሽት፣ ግዢው በደራበት ሰዓት መብራት ጠፋ። ዩ.ፒ.ኤስ. ነበረ፤ ባትሪው ግን አርጅቶ ስለ ነበር ከጥቂት ደቂቃ በላይ አልቆየም፤ እንግዳውንም በሥርዓት ያጠፋው ሰው አልነበረም። መብራት ሲመለስ አስተናጋጁ ተነሣ፤ እንግዳው ግን አልነሣ አለ።

ምክንያቱን ስንመረምር 2 ስሕተቶች አገኘን። አንደኛ፣ ፍጥነት እንዲጨምር ብለን የአስተናጋጁ ሜሞሪ የእንግዳውን ጽሕፈት ለጊዜው እንዲይዝ ፈቅደን ነበር። በዚህ ጊዜ እንግዳው በዲስክ ላይ ጽፌአለሁ ብሎ ሲያምን ጽሕፈቱ ገና በአስተናጋጁ ሜሞሪ ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛውና የከፋው ግን ስናፕሾትን እንደ መጠባበቂያ ቅጂ መቁጠራችን ነው። ስናፕሾት የዲስኩ ሁለተኛ ቅጂ አይደለም። ዋናው ፋይል ባለበት ቆሞ ከዚያ ወዲህ የሚደረገው ለውጥ በሌላ ፋይል ላይ እንዲጻፍ የሚያደርግ ዘዴ ነው። ሁለቱ ፋይሎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ፣ በአንድ ዲስክ ላይም የሚቀመጡ ናቸው። የለውጡ ፋይል ሲበላሽ ስናፕሾቱ ከተነሣበት ቀን ወዲህ የተሠራው ሁሉ አብሮ ሄደ።

ቢሮውን ያዳነችው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ከ3 ቀን በፊት በራሷ ልማድ የፒችትሪውን ቅጂ በፍላሽ ይዛ ነበር፤ የየዕለቱን ደረሰኝ ቅጂም በክር አስራ በሣጥን ታስቀምጥ ነበር። 2 ቀን ሙሉ ተቀምጣ፣ እኛም ቁጥሩን እያነበብንላት፣ የ3ቱን ቀን ደረሰኝ እንደገና አስገባች። «ልጆቼ፣ ወረቀት መብራት አይጠፋበትም» ከማለት በቀር አልወቀሰችንም። የአንድም ገበሬ ሒሳብ አልጎደለም፤ ሊጎድል ግን ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው

የሜሞሪውን ፈቃድ አነሣን፤ የዩ.ፒ.ኤስ. ባትሪ ተለወጠ። ዩ.ፒ.ኤስ.ን በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ ከአስተናጋጁ ጋር አገናኝተን፣ ባትሪው ሲዳከም እንግዳው በራሱ በሥርዓት እንዲጠፋ፣ ቀጥሎም አስተናጋጁ እንዲዘጋ ትእዛዝ አዘጋጀን። በየምሽቱ የፒችትሪው ቅጂ በፍላሽ ይያዛል። በየሳምንቱ ደግሞ እንግዳው ጠፍቶ ሙሉ ፋይሉ ወደ ውጭ ዲስክ ይገለበጣል፤ 2 ዲስኮች በተራ ስለሚሠሩ አንደኛው ምንጊዜም ከቢሮው ውጭ በባለቤቱ ቤት ይቀመጣል። ስናፕሾት የሚነሣው አዲስ ነገር ከመጫኑ በፊት ብቻ ነው፤ ሥራው ደኅና መሆኑ ሲታይም ይሰረዛል። በወር አንድ ጊዜም የተያዘው ቅጂ በመለማመጃው እንግዳ ላይ ተመልሶ ይሞከራል፤ ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርምና።

መደምደሚያ

ቨርቹዋላይዜሽን አሮጌን ፕሮግራም ከሚሞት መሣሪያ አውጥቶ ያኖራል፤ ፋይል ስለሚያደርገውም ለመገልበጥና ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ለማዛወር ቀላል ያደርገዋል። ነገር ግን ቀድሞ በየጠረጴዛው ተበትኖ የነበረውን አደጋ ወደ አንድ ሣጥንና ወደ አንድ ፋይል ይሰበስበዋል። ሃይፐርቫይዘሩን መጫን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ መብራቱን፣ ቅጂውንና ኔትወርኩን ማደላደል ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ጊዜ ወስዶብናል፤ የሥራውም ዋና ክፍል እርሱ ነው።

ጉዳዩ የሰቃ ብቻ አይደለም። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች አይቀበሉትም። ስለዚህ በጅማም፣ በአጋሮም፣ በሌሎችም የቡና ከተሞች ተመሳሳይ ጥያቄ የሚያነሡ ቢሮዎች ይኖራሉ። ከእኛ አንዱ ተማሪ ለእርዳታ ቢጠራ፣ ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት «የትናንቱ ቅጂ የት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ እንመክራለን።