የጥቅምት ውርጭ

ክረምቱ ወጣ። ዝናቡም አባራ። ባቄላው አብቧል፤ ገብሱ ማሸት ጀምሯል። ገበሬው «እፎይ፥ ከጭቃው ተገላገልን» ይላል። ታዲያ አንድ ማለዳ ከቤት ብቅ ሲል ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ያገኘዋል። ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ ሞቅ ስትል የባቄላው ቅጠል የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስል ይጠቁርና ይጠወልጋል። የስንት ወር ድካም በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ይህን የሚያደርገው ውርጭ ነው።

ብዙዎቻችን «ውርጭ ሳይታሰብ ነው የሚመጣ» እንላለን። ነገር ግን ውርጭ የሚመጣበት መንገድ አለው፤ ምልክትም አለው። ምልክቱን ያወቀ ሰው ውርጩን ማስቀረት ባይችል እንኳ ጉዳቱን ይቀንሳል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀን ተማሪዎች የአየሩን ነገር ከመጽሐፍ ተማርን፤ የማሳውን ነገር ደግሞ ከገበሬዎች ሰማን። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን እናቀርባለን።

ብርዱ ከየት ይመጣል?

ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ ብዙ አትርቅም። ስለዚህ ሙቅ አገር መሆን ነበረባት። ቆላው በእርግጥም ሙቅ ነው። ነገር ግን 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። የመተሐራ ሰው በላብ ሲጠመቅ የደብረ ብርሃን ሰው ጋቢውን የሚደርበው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ደጋው በክረምት ብዙ ጊዜ ውርጭ አያገኘውም። ለምን? ቀን ፀሐይ መሬትን ታሞቃለች። ሌሊት መሬት ያንን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። በክረምት ሰማዩን ደመና ይሸፍነዋል። ደመና ለመሬት እንደ ጋቢ ነው፤ ሙቀቷን ይይዝላታል። ጥቅምት ሲገባ ደመናው ይገለጣል፤ ነፋሱም ደረቅ ይሆናል። ያን ጊዜ መሬት ጋቢዋን የተገፈፈች ያህል ነው። ቀን ፀሐዩ ሲያቃጥል ይውልና ሌሊት ውሃ እስኪረጋ ይበርዳል። ውሃ የሚረጋው በ0 ዲግሪ ነው። በተክሉ ውስጥ ያለው ውሃም ሲረጋ ተክሉን ከውስጥ ይጎዳዋል።

ሌላም ነገር አለ። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል። ስለዚህ ልክ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። በአንድ ቀበሌ የረባዳው ማሳ ሲመታ የተዳፋቱ የሚተርፈው ለዚህ ነው።

ምልክቱ ምንድን ነው?

1. ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ ያለ አንዳች ደመና ጥርት ይላል፤ ከዋክብቱም ደምቀው ይታያሉ።
2. ነፋሱ ጸጥ ይላል። ነፋስ ካለ ላይኛውን ሞቃት አየር ከታችኛው ጋር ስለሚያደባልቀው ውርጭ አይበረታም።
3. ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ብርዱ ቆንጠጥ ያደርጋል።

እነዚህ ሦስቱ በአንድ ምሽት ከተገናኙ መጠንቀቅ ነው። ብርዱ የሚበረታው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ሊነጋጋ ሲል ነው። ሥራው ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ መጀመር አለበት።

ለሰብሉ ምን እናድርግ?

ሰፊ ማሳ ጋቢ አይለብስም። ስለዚህ የእህል መከላከያው የሚጀመረው በዘር ጊዜ ነው። ባቄላ፥ አተርና ድንች ብርድ አይችሉም፤ ተዳፋቱ ላይ ይሁኑ። ረባዳው ለሣር ቢተው ይሻላል። ዝናቡ ከፈቀደ ቀደም ብሎ መዝራት ደግሞ ሰብሉ ውርጭ ሳይደርስ አበባውን እንዲጨርስ ይረዳል። አበባና እሸት ላይ ያለ ሰብል ነውና ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው።

የጓሮ አትክልትና የችግኝ መደብ ግን ማልበስ ይቻላል። ከመደቡ ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ሠርቶ፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሣር ወይም በጆንያ መሸፈን፤ ጧት ፀሐይ ሲወጣ መግለጥ። ውሃ ካለም መደቡን በቀን ማጠጣት ነው። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል።

ማሳ ዳር ጭስ ማጨስ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ሰብሉን የሚረዳው ጭሱ ሳይሆን የእሳቱ ሙቀት ነው። አንድ ትልቅ እሳት ሙቀቱን ወደ ላይ ይዞት ይሄዳል። በየቦታው የሚነዱ ትንንሽ እሳቶች ይሻላሉ፤ እነሱም ጠባቂ ይፈልጋሉ።

የድንቹ ቅጠል ቢጠቁር ወዲያው ተስፋ አንቁረጥ። አፈር ውስጥ ያለው ድንች ደህና ሊሆን ይችላል። ጥቂት ቀን ጠብቆ ማየት ነው።

ለቤተሰቡስ?

ከሰብል ሰው ይበልጣል። ብርድ ፈጥኖ የሚጎዳው ሕፃናትንና አረጋውያንን ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። ጭንቅላቱን ሸፍኖ፥ ገላው ከእናቱ ገላ ጋር እንዲነካ ደረቷ ላይ ማቀፍ ነው። በተወለደ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ገላውን አለማጠብ ይሻላል።

ጋቢ አራት እጥፍ የሆነው በከንቱ አይደለም። በእጥፎቹ መሀል የተያዘው አየር ነው የሚያሞቀን። ስለዚህ ከአንድ ወፍራም ልብስ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይበልጣል። በላብ ወይም በጤዛ የራሰ ልብስ ለብሶ ማደር ግን ሙቀት ያስወጣል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ሰውነት ሙቀት የሚያገኘው ከምግብ ስለሆነ ነው። አጥንቱ ባይገኝ ትኩስ የገብስ ገንፎ አለ። አረቄ ግን ያታልላል። የሰውነትን ሙቀት ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው የሞቀን ይመስለናል፤ ሙቀቱ ግን ከላያችን እየሄደ ነው።

አሁን ዋናውን እንናገር። በብርድ ሌሊት ከሰል ቤት አስገብቶ፥ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ አይታይም፤ አይሸትም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ጠርቷል፤ ይግባ» እንላለን። መርዙ ግን አልጠፋም። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል። የተኛ ሰው ይህን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እሳቱን ከመኝታ በፊት መሞቅ፥ ስንተኛ ከነማንደጃው ወደ ውጭ ማውጣት ነው። በጭሱ የተመታ ሰው ካለ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ለጥጃና ለግልገል ደግሞ ደረቅ ገለባ ወፈር አድርጎ ማንጠፍ ይበቃል። እርጥብ መሬት ላይ ያደረ ግልገል ሙቀቱን መሬቱ ይወስድበታል።

ሰማዩን መግለጥም ማልበስም አንችልም። ማታ ማታ ቀና ብለን ማየት ግን እንችላለን። ደመና የሌለው ጸጥ ያለ ምሽት ሲያምር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጎረቤትንም ማስጠንቀቅ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

እንነጋገርበት

1. በቀበሌያችን ውርጭ ቶሎ የሚመታው የትኛውን ማሳ ነው? ለምን?
2. ደመና ያለበት ሌሊት ለምን ይሞቃል?
3. ከሰል ጭሱ ከጠፋ በኋላም ለምን አደገኛ ነው?
4. ዛሬ ማታ ሰማዩን እንመልከት። ከሦስቱ ምልክቶች ስንቱ ይታያል?