ውርጭ ያልሆነው መደንዘዝ

ደጋው ራቤል ተወልዶ በባዶ እግሩ በግ የጠበቀ ሰው የእግር መደንዘዝን ያውቀዋል። ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያደረ ጠዋት ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም ነበር፤ እምዬ ምድጃ ዳር አስቀምጣ ስታሻቸው ግን እየነዘሩኝ ይመለሳሉ። ስለዚህ መርካቶ ሸራ ተራ ጫማ መሥራት በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት እግሬ ሲደነዝዝ የአዲስ አበባ ብርድ ነው ብዬ ካልሲ ደረብኩ።

ይኼኛው አልተመለሰም። ነጠላ ጫማዬ ወልቆ ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው የማውቀው። ቀጥሎ ምስማር ከእጄ ጣቶች መሐል ይሾልክ ጀመር። አንድ ሐኪም ከተረከዜ በላይ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገና እግሬ ዝም ሲለው፣ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። ቀደም ብለው ያዩኝ ይህን አልጠየቁኝም፤ ቫይታሚን ነበር የሚያዙልኝ።

ጉዱ ማስቲሹ ነው። በብዙ የጫማ ማስቲሽ ውስጥ ሄክሴን የሚባል በኖ የሚጠፋ ፈሳሽ አለ። በትንፋሽ ይገባል፤ ጉበት ሲፈጨው የባሰ መርዝ ይሆናል። ያ መርዝ በነርቭ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ክሮች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል (እዚያም ሥራው ማጣበቅ ነው!)። ነርቩ ያብጣል፣ ወደ ጫፉ የሚሄደው ስንቅ መንገድ ላይ ይቀራል። የሚጎዳው መጀመሪያ ረጅሙ ነርቭ ስለሆነ ከእጅ በፊት የእግር ጣት ይደነዝዛል። ጃፓን ውስጥ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሰንደል ጫማ ሲያጣብቁ እንዲህ የሆኑ 93 ሠራተኞች ተገኝተዋል።

ራቤል ስገባ እምዬ አካሄዴን አይታ «ጓያ አበሉህ?» አለች። ጓያስ እግርን ይገትራል፤ ሰውየው በጣቱ እየረገጠ በዱላ ይሄዳል፣ ስሜቱ ግን አይጠፋም። የእኔ እግር ዝሎ ነው የሚጎተተው፤ ፍም ቢነካው አይሰማም።

ማስቲሽ ከተውኩ በኋላ ሁለት ወር ባሰብኝ። እንዲህ እንደሚሆን ሐኪሙ ባይነግረኝ ኖሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ከጉልበት ወደ ታች፣ ስሜቱ ይመለስ ጀመር፤ የቀኝ አውራ ጣቴ እስካሁን አልመጣም።

አሁን በር ሥር ተቀምጬ ስፌት እሰፋለሁ። የሄክሴን ትነት ከአየር ሦስት እጥፍ ይከብዳል፤ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ወለሉ ላይ ደግሞ ተለማማጁ ልጅ ዱካ ላይ ተቀምጦ ሶል ይቀባል። ወደ በሩ ተጠጋ ስለው ይስቃል።

«አይሸትም እኮ፣ ጋሼ።»

እኔም በሁለተኛው ሳምንት አይሸተኝም ነበር።