የላስቲኩ ቁጥር ትልቅ ስለሆነ ላስቲኩ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም

ክረምት ሊገባ ሲል ለድርቆሽ ክምር መሸፈኛ ላስቲክ ፈልጌ ከሁለት አቅራቢዎች ዋጋ ጠየቅሁ። የአንዱ ወረቀት «የመሳብ ጥንካሬ 25 ሜጋ ፓስካል» ይላል፤ የሌላው «3,600 ፒ.ኤስ.አይ.»። አብሮኝ የነበረው የሰንጋ ነጋዴ «ወንድሜ፣ ሦስት ሺሁ እያለ ሃያ አምስቱን ምን ያስመርጥሃል?» አለኝ።

ሁለቱ ያው ናቸው። 1 ሜጋ ፓስካል ወደ 145 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። በኪሎ በስኩዌር ሴንቲ ሜትር የሚጽፍ ሦስተኛ አቅራቢ ቢኖር ኖሮ ደግሞ 255 ይል ነበር። ዶላርና ሽልንግ እንደማወዳደር ነው፤ መጀመሪያ መመንዘር ያስፈልጋል።

እኔ የተሸወድኩት ግን በምንዛሪው አይደለም። 25 ሜጋ ፓስካል ማለት አንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር የላስቲክ ቁራጭ 25 ኒውተን ሲጎተት ይበጠሳል ማለት ነው። 10 ኒውተን የ1 ኪሎ ክብደት ያህል ነው ብላችሁ ያዙት። ይህ ቁጥር ስለ ፕላስቲኩ ዓይነት እንጂ ስለ ውፍረቱ አይናገርም። የገዛሁት ባለ 25 ላስቲክ ውፍረቱ 100 ማይክሮን ነበር፤ 5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ የሚችለው 125 ኒውተን፣ ማለትም 13 ኪሎ ገደማ ነው። ርካሽ መስሎኝ የተውኩት ሌላ ላስቲክ 18 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነበር፤ ውፍረቱ ግን 200 ማይክሮን ስለሆነ ያው ወርድ 180 ኒውተን ይችላል። ሐምሌ ላይ ነፋሱ የኔን በገመዱ በኩል ሰነጠቀው። ለኳራንታይን ሰንጋዎች ያስቀመጥነው ድርቆሽ ግማሹ ሻገተ።

ስለዚህ ሜጋ ፓስካሉን ከማይክሮኑ ጋር አባዙት፣ ውጤቱን ለ1,000 አካፍሉት፤ አንድ ሚሊ ሜትር ወርድ ስንት ኒውተን እንደሚችል ታገኛላችሁ። ወረቀቱ በርዝመትና በወርድ ሁለት ቁጥር ከሰጠ ትንሹን ውሰዱ። ከሞያሌ ማዶ በኬንያ ገበያ ላስቲክ በጌጅ ሲሸጥ ታያላችሁ፤ 1,000 ጌጅ ወደ 250 ማይክሮን ነው።

ሻጩ የነገራችሁ ማይክሮን እውነት መሆኑን ደግሞ በሚዛን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ይህ የኛ ሙያ ነው፤ በሬውን በዓይን ገምተን መልሰን ሚዛን ላይ እንደምናወጣው። ተራ የፖሊኤትሊን ላስቲክ 200 ማይክሮን ከሆነ አንዱ ካሬ ሜትር 184 ግራም ገደማ ይመዝናል። 4 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ጥቅል የመሃሉ ካርቶን ሳይቆጠር 37 ኪሎ ሊጠጋ ይገባል። 28 ኪሎ ከመዘነ የያዛችሁት 150 ማይክሮን ነው፤ የዋጋውን ሩብ አስቀንሱ።

የመኪና ሸራ ብዙውን ጊዜ በ5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ስንት ኒውተን ተብሎ ይጻፋል። እዚያ ውፍረቱ ተቆጥሯል፤ ማባዛት አያስፈልግም። የፀሐይ መከላከያ የሌለው ላስቲክ ግን፣ ቁጥሩ የፈለገውን ይሁን፣ በቆላ ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል።

ስኮች የራሱ ጣጣ አለው። ጥንካሬው የሚጻፈው በወርድ ነው፤ አንዱ በ1 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው በ25 ሚሊ ሜትር። «100 ኒውተን በ25 ሚሊ ሜትር» የሚለው ሲመነዘር 40 ኒውተን በሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ «45 በሴንቲ ሜትር» የሚለው ይበልጠዋል። ከሥሩ በዚያው መለኪያ የተጻፈ ሌላ ትንሽ ቁጥር አለ፣ 2 ወይም 4 የሚል። እሱ ከተለጠፈበት ለመላጥ የሚፈልገው ኃይል ነው። የክትባት ካርቶን ለምታሽጉበት ዋናው ይህ ነው፤ ስኮች ብዙ ጊዜ ከመበጠሱ በፊት ይላጣልና። የተለካውም በንጹሕ ብረት ላይ ነው። አቧራ በጠጣ ካርቶን ላይ ያን ያህል እንዲይዝ አትጠብቁ፤ መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጉት።