የሁለትዮሽ ስምምነትና የጋራ ሕግ፦ የተሰዳጅ ሠራተኞች መብት ከሑደይቢያ ውል አንጻር

መንግሥታት ድንበር ተሻግረው ስለሚሄዱ ሰዎች የሚስማሙባቸው መንገዶች በዋናነት ሁለት ናቸው። የሁለትዮሽ ስምምነት ሁለት አገሮችን ብቻ ያስራል፤ የብዙ አገሮች የጋራ ስምምነት ደግሞ ያጸደቁትን ሁሉ በአንድ መለኪያ ያስራል። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሚጓዙ ወጣቶች ምክር ፍለጋ ወደ መስጂድና ወደ መድረሳ ስለሚመጡ፣ የሁለቱን ልዩነት መረዳት ለመምህራንና ለኢማሞች ያስፈልጋል እንላለን።

በእስልምና ታሪክ የሰዎችን ዝውውር በግልጽ የሚመለከት የሁለትዮሽ ውል በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ (628 እ.ኤ.አ.) በሑደይቢያ ተጽፎ እናገኛለን። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እና በቁረይሽ መካከል በተደረገው በዚህ ውል፣ ከቁረይሽ ወገን ያለ ወሊዩ ፈቃድ ወደ ነቢዩ የመጣ ይመለሳል፤ ወደ ቁረይሽ የሄደ ግን አይመለስም። አቡ ጀንደል (ረ.ዐ.) በሰንሰለት እንደታሰረ መጥቶ ቢማጸንም በውሉ መሠረት ተመለሰ። ኡሙ ኩልሡም ቢንት ዑቅባህ (ረ.ዐ.) ተሰዳ ስትመጣ ግን፣ በሱረቱል ሙምተሒናህ 10ኛ አንቀጽ መሠረት አልተመለሰችም። ከዑለማእ ገሚሶቹ የውሉ ቃል ወንዶችን ብቻ ይመለከት ነበር ይላሉ፤ ሌሎቹ ሴቶችም ተካተው ሳለ አንቀጹ ለይቶ አወጣቸው ይላሉ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን፦ ውል የሚፈጸመው እንደተጻፈው ቃል ነው፤ ከተዋዋዮቹ ፈቃድ በላይ የሆነ ወሰንም አለ።

አገራችን በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የሁለትዮሹን መንገድ መርጣለች። አዋጁ ሲወጣ፣ ለሥራ ስምሪት ከተቀባዩ አገር ጋር ስምምነት መኖሩን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ነበር። የዚህ መንገድ ጥቅም ደመወዝን፣ የሥራ ውልንና የክርክር አፈታትን በዝርዝር ለመወሰን ማስቻሉ ነው። ጉድለቱ ግን በመደራደር አቅም ላይ መመሥረቱ ነው፤ አንዱ ላኪ አገር ሁኔታውን ቢያጠብቅ አሠሪው ወደ ሌላው ሊዞር ይችላል። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአንድ አሠሪ ጋር የተሳሰረ የቤት ሠራተኛ፣ በስምምነቱ ያልተጻፈን መብት በምን ትጠይቃለች?

የጋራው ሕግ ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሰዳጅ ሠራተኞች ስምምነት በ1990 እ.ኤ.አ. ጸድቆ በ2003 ሥራ ላይ ዋለ። የዓለም የሥራ ድርጅት የ2011 ስምምነት ቁጥር 189 ደግሞ ለቤት ሠራተኞች በሳምንት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት ዕረፍትንና ፓስፖርታቸውን በእጃቸው የመያዝ መብትን ደነገገ። ነገር ግን ከባሕረ ሰላጤው ትብብር ምክር ቤት አገሮች አንዱም ሁለቱን አላጸደቀም፤ ያላጸደቀውንም አያስሩም።

እንግዲህ ሁለቱ መንገዶች ተደጋጋፊ እንጂ ተፎካካሪ አይደሉም። ተቀባዩ አገር ያላጸደቀው ድንጋጌ በሁለትዮሽ ስምምነት ውስጥ በግልጽ ከተጻፈ ያስረዋል። ስለሆነም ተጓዥ ወጣት ምክር ሲጠይቀን፦ ከምትሄድበት አገር ጋር ስምምነት አለን? የሥራ ውሉ ዕረፍትንና ፓስፖርትን ይጠቅሳልን? የምታውቀው ቋንቋ የተጻፈ ቅጂ በእጅህ አለን? ብለን እንጠይቅ። ውልን መሙላት ቁርኣናዊ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙም ሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን አሠሪውንም የሚመለከት መሆኑ በኹጥባችን መነገር ይኖርበታል።