«መተኮሻ» እና «ማርጊያ»፦ ደምን በሙቀት ስለሚያቆሙ መሣሪያዎች ስያሜ

«ተኮሰ» ሸክሙ የበዛ ግሥ ነው። ጥይት ይተኮሳል፤ ልብስ ይተኮሳል፤ ቁስልም በጋለ ብረት ይተኮሳል። ልብስ የምንተኩስበት «ካውያ» እንኳ ምንጩ ዐረብኛ ሲሆን፣ በዚያም ቋንቋ ሥሩ ቁስልንም ልብስንም መተኮስን ያመለክታል። ስለዚህ ተርጓሚዎች በቀዶ ሕክምና ደምን በሙቀት የሚያቆመውን መሣሪያ ሁሉ «መተኮሻ» ቢሉት አያስደንቅም። እኛ ግን ስያሜው ለሁለት እንዲከፈል እንሻለን፤ ምክንያታችንም የታካሚው ደኅንነት ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያ ጫፉ ራሱ የሚግል ነው። የሚያግለው ኤሌክትሪክ ቢሆንም ኤሌክትሪኩ በሽቦው ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ታካሚው የሚያልፈው ሙቀት ብቻ ነው። ለዚህ «መተኮሻ» ይበቃል። ሁለተኛው፣ ዊልያም ቦቪ የሠራውና ሐኪሙ ሃርቬይ ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1926 በቦስተን የተጠቀመበት ዓይነት፣ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። በሴኮንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ በታካሚው አካል ውስጥ ያልፋል፤ በጠባቡ ጫፍ ታምቆ ደሙን ያረጋል፤ ከዚያም በቆዳ ላይ በተለጠፈ ሰፊ ሰሌዳ ተበትኖ ይመለሳል። ሰሌዳው በከፊል ቢላቀቅ በቀረው ስፍራ ይታመቅና ቆዳ ያቃጥላል። የልብ ምት አስተካካይንም ሊያውክ ይችላል። «መተኮሻ» የሚል ያነበበ ሰው ይህን ሁሉ ከየት ያገኘዋል?

በመሆኑም ሁለተኛውን «የኤሌክትሪክ ደም ማርጊያ» ብለነዋል። «አረጋ» የ«እርጎ» ዘመድ ነውና ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። መሣሪያው ሥጋም ይቆርጣል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት ነው፤ እዚህ የምንሰይመው ግን ደም የማቆም ተግባሩን ነው።

ሰሌዳውን «የመሬት ሰሌዳ» ማለት ዛሬ ስሕተት ነው። ቀድሞ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ይወርድ ነበር፤ በኋላ ግን ታካሚው ሌላ ብረት ሲነካ እንዳይቃጠል መሣሪያው ከመሬት ተነጥሎ ተሠራ፤ ኤሌክትሪኩም የሚመለሰው ወደ መሣሪያው ነው። «የመልስ ሰሌዳ» እንበለው። ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው፣ በመካከል በተያዘው ሥጋ ብቻ የሚያልፍበት መቆንጠጫ ደግሞ ይህ ሰሌዳ አያሻውም። እሾህ ከምንነቅልበት የተሻለ ስም አላገኘንለትም፦ «ባለሁለት ዋልታ ወረንጦ»።

ስሙን ከልደታ ማርያም በወሰደው ክፍለ ከተማ በሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ታካሚው ግን ባብዛኛው የሚጠይቀው በአማርኛ ነው። «እንተኩስዎታለን» ቢባል የጋለ ብረት ይታየዋል፤ ስለ ልቡ የሚናገርበትም ምክንያት አይኖረውም። «ደሙን በኤሌክትሪክ እናረጋለን» ከተባለ ግን «የተተከለልዎ የልብ ምት አስተካካይ አለ?» የሚለው ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል።