ያውቁ ኖሯል? የኦክስጅን ጭንብል ከጣሪያው ሲወርድ
በ11,000 ሜትር ከፍታ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ የሚተነፍሱት አየር ከቦሌው እምብዛም አይለይም። የካቢኑ ግፊት ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታን ያህል እንዲሆን ይጠበቃል፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም ያለው 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሰማይም ላይ ሰፈሩን አይለቅም ማለት ነው!

ግፊቱ ወርዶ በካቢኑ ውስጥ ያለው አየር የ4,200 ሜትር ያህል ከሳሳ ጭንብሎቹ ይወርዳሉ። ራስ ዳሸን ከዚያም በላይ ነው፤ አደጋው ግን አውሮፕላኑ ያለበት ከፍታ ላይ ነው። በ10,600 ሜትር አየሩ ቢያመልጥ ሰው አእምሮውን የሚያዝበት ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከላርናካ ወደ አቴንስ ይበር በነበረ የሄሊዮስ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ላይ የግፊት መቆጣጠሪያው ከአውቶማቲክ ወጥቶ በእጅ መቆጣጠሪያ ላይ ቀርቶ ነበር። አብራሪዎቹ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ የሌላ ብልሽት ምልክት አድርገው ወሰዱት፤ ራሳቸውንም ሳቱ። 121 ሰዎች አለቁ።

በብዙ አውሮፕላኖች ኦክስጅኑ የሚፈሰው ጭንብሉን ወደ ራስ ሳብ ሲያደርጉት ነው። ከረጢቱ ባይነፋም አይደንግጡ፣ ኦክስጅኑ እየመጣ ነው። 12 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ አብራሪዎቹ የራሳቸውን ጭንብል አጥልቀው ወደ 3,000 ሜትር ለመውረድ ይበቃቸዋል። ቁልቁለቱ ያስፈራል፤ ይሁንና አውሮፕላኑ እየወደቀ አይደለም።

ልጅ ይዘው ከሆነ መጀመሪያ ለራስዎ ያጥልቁ፣ ወዲያው ለልጅዎ። ራሱን የሳተ ወላጅ ለማንም አይደርስም።