የተቀዳ ዜማን ቈርጦ ስለ መገልበጥና ስለ መደርደር

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በገጠር የተቀዳ ዜማ በኮምፒዩተር ሲሰናዳ ቍራጭ ድምፆች እንዴት እንደሚገለበጡና እንደሚደረደሩ፥ የሚያስፈልገውም ጥንቃቄ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ለመግለጽ ነው።

የተቀዳን ድምፅ መልሶ ማቀናበር አዲስ ሥራ አይደለም። ግብፃዊው ሙዚቀኛ ሐሊም ኤል ዳብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 በካይሮ የዛር ሥርዐት በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፥ ድምፁን እየለዋወጠ አዲስ ድርሰት ሠርቶበታል። ይኸው ሰው ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። በዚያ ዘመን ቴፕ በምላጭ እየተቈረጠ በማጣበቂያ ይቀጠል ነበር። ዛሬ ግን እንደ ኦዳሲቲ ባለ ሶፍትዌር የተፈለገው ክፍል ተመርጦ ይገለበጣል፤ በተፈለገውም ስፍራ ይለጠፋል።

ለምሳሌ በመንዝ መሰንቆ እየመታ የሚያዜም ሰው ተቀድቷል እንበል። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ቢሆን አንዱ ምት ግማሽ ሴኮንድ ነው፤ አራት ምት ያለው ቍራጭም 2 ሴኮንድ ይሆናል። ስለዚህ ቅጂዎቹ በ0፥ በ2 እና በ4 ሴኮንድ ላይ ይሰለፋሉ። ይሁን እንጂ ባለ መሰንቆው እንደ ግጥሙ ስሜት ያፈጥናል፥ ያዘገያል፤ እንደ ሰዓት አይሄድም። በዚህ ጊዜ ከመስመሩ ይልቅ ጆሮን መከተል ይሻላል።

የመቍረጫው ስፍራ የድምፁ ሞገድ የዜሮውን መስመር የሚያቋርጥበት ነጥብ ነው፤ ያለዚያ መጋጠሚያው ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሁለቱን ጫፎች ለጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ማደራረብም ይረዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቃሉ ነገር ነው። ሰሙ በአንደኛው ስንኝ፥ ወርቁ በሁለተኛው ሊገኝ ስለሚችል፥ በመካከል የቈረጠ ሰው ቅኔውን ያጠፋዋል። በፉከራም ላይ የአባት ስም ያለበት ስንኝ ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወር፥ የአንዱ ጀግንነት ለሌላው ይሰጣል። ሦስት ጊዜ የተለጠፈውንም አዝማች ሰሚው ዘፋኙ ሦስት ጊዜ እንዳለው አድርጎ ይቀበለዋል።

ስለዚህ አጥኚው ዋናውን ቅጂ ሳይነካ ያስቀምጥ፤ እያንዳንዱ ቍራጭ ከስንተኛው ደቂቃ እንደ ተወሰደና የት እንደ ተለጠፈ ይጻፍ፤ የተሰናዳውንም ሥራ በቅድሚያ ለዘፋኙ ያሰማ።